መጂዳን ተይ በያት

ገዳሪፍ፣ በእናንተ አቆጣጠር መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሳቢራ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጌታዬ ጤናሽን ያብዛው፣ እጅሽን ይባርከው፣ በምትረግጪው መንገድ ሁሉ ክፉ አያጋጥምሽ። እናትሽን መስቱራን ሰላም በይልኝ። የአክስት ልጆች ብንባልም አንድ ጡት ጠብተን እንዳደግን እሷ ታውቃለች።

እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ጦርነቱ ገዳሪፍ አልደረሰም፤ የደረሰው ሰዉ ነው። ትምህርት ቤቱም መስጊዱም የሰው ግቢውም በተፈናቃይ ሞልቷል። እኔ ወርሻዬን፣ የጥገና ቤቴን፣ አልዘጋሁም። ትራክተር ጦርነት አለ ብሎ ከመሰበር አያርፍም፤ የናፍጣ ፓምፕ ተሸክሞ የሚመጣው ብዙ ነው።

ስልክ ብሞክር ብሞክር ተስፋ ቆረጥኩ። አንድ ቀን የእናንተ ይጠፋል፣ አንድ ቀን የእኛ። ስለዚህ ይህችን ወረቀት ለዘሀቢያ ሰጠኋት። ዘሀቢያን ታውቂያታለሽ፣ ከመተማ ቡናና ዝንጅብል እያመጣች እዚህ የምታራግፈዋ ናት።

ጉዳዬ ስለ ልጄ ስለ መጂዳ ነው። ካርቱም ነርስነት ስትማር ጦርነቱ አቋርጧት ቤት መቀመጧን ሰምተሻል። አሁን ከከተማው ዳር ለኮሌራ በሽተኞች ድንኳን ተተክሏል። «ሰው ቸግሯቸዋል፣ ልሂድ» አለችኝ። «አይሆንም» አልኳት። በነጋታው ደግማ መጣች። እናቷ ረፊቃም ወደ እሷ ያዘነበለች ይመስለኛል፤ ሁለቱ ሲያወሩ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ።

ያ ብንቲ፣ ልጄ፣ እኔ የማውቀው ማሽን ነው። ማሽን የሚጠግን ሰው የማሽኑ በሽታ አይጋባበትም። የእናንተ የነርሶች ሥራ ግን ጠጋኙን ይሰብራል። ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። መጂዳ አንቺን ትሰማሻለች፤ ገና ትንሽ ሳለች «እንደ ሳቢራ እሆናለሁ» ስትል ነው ያደገችው። የሥራውን ክፋት ዘርዝረሽ ጻፊላትና ተይ በያት። ቃሉ ከእኔ ሲወጣ የሽማግሌ ፍርሃት ይመስላታል፤ ከአንቺ ይውጣ።

መልስሽን እጠብቃለሁ። አላህ ከሰው ዓይን ይሰውርሽ።

አጎትሽ አብዱረሕማን


ሽንፋ አካባቢ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአጎቴ ለአብዱረሕማን፤

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበቱ? ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ቤትዎን ሰላም ያድርግልን። ረፊቃንና መጂዳን በናፍቆት ይሳሙልኝ። ወረቀትዎ መንገዱ ተዘግቶ ስለከረመ ከዘሀቢያ ዕቃ መሐል ሰንብታ ዛሬ ደረሰችኝ። ዝንጅብል ዝንጅብል ትሸታለች።

እዚህ የሰሊጥ አጨዳው ተጧጡፏል። ከጎጃምም ከወሎም የወረደው ሠራተኛ በየእርሻው ሰፍሯል፤ ወባውም አብሮ ሰፍሯል። የጤና ጣቢያችን አግዳሚ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰዉ ኒም ዛፉ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። ግን አጎቴ፣ አንድ ነገር ላጫውትዎት። ከትናንት ወዲያ ምጥ የያዛት ሴት በትራክተር ተሳቢ ተጭና መጣች። ለማውረድም ጊዜ አልሰጠችንም። ሾፌሩን «ሞተሩን አጥፋው፣ ልጁን አስደነገጥከው» ብለው «እቴ፣ ካጠፋሁት አይነሣም!» አለኝ። ልጁን እዚያው ተሳቢው ላይ፣ ሞተሩ እየጮኸ ተቀበልኩት። ከሞተሩ በላይ ሲጮህ ቢሰሙት! እርስዎ እዚያ ቢኖሩ ልጁንም ሞተሩንም በአንድ ቀን ባዳንናቸው ነበር።

ቢሆነኝ የሚባል አንድ የጎጃም ልጅም በጽኑ ታሞ ተኝቶብናል። ጓደኞቹ ለመስቀል የገዙትን በሬ ያረደውም የገፈፈውም እሱ ነው አሉ። ሕመሙ ወባ አይመስለኝም። ዱዓ ያድርጉለት።

ስለ መጂዳ የጻፉትን አንብቤዋለሁ። አስቤበት እጽፍልዎታለሁ። ለዛሬ አውራ ጣቴን ትንሽ ስላመመኝ እዚህ ላይ ላቁም።

የእህትዎ ልጅ ሳቢራ


ሽንፋ አካባቢ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎት። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ስለበዛብኝ ነው ያጠረብዎት፣ አይቀየሙኝ። እኔው ራሴ እስክጽፍልዎት ድረስ ወረቀት አይላኩ። ዱዓዎ አይለየኝ። መጂዳን ሰላም ይበሉልኝ።

ሳቢራ


ገዳሪፍ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

በአላህ ስም።

ሳቢራ፣ በሕይወት ካለሽ አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ በዚህ ቃል ይጀመራል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ለዚህ ያበቃሽኝ አንቺ ነሽ።

የመጨረሻው ወረቀት ጽሕፈት የአንቺ አይደለም። አንቺ ስትጽፊ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቀጥ ብሏል። ቃሉም የአንቺ አይደለም። መቼ ነው አንቺ ጨዋታ ሳትጨምሪ ሰላም ብለሽ ብቻ ያቆምሽው? ዘሀቢያም ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን በሁለት ጣት አንጠልጥላ ሰጠችኝ። «ምነው?» ብላት «ሐጂ፣ እኔ ምንም አላውቅም» ብላ ዓይኗን አሸሸችብኝ። ከድንበሩ ከተማ ከገላባት የሚመጡት ሾፌሮች ደግሞ ያወራሉ። አንዲት ነርስ ደም በሚያፈስ በሽታ ሞታ፣ ሬሳዋን ማንም ሳያይ ተቀበረ ይላሉ። ስሟን ስጠይቅ አንዱ ሳቢራ አለ።

በማግስቱ ወርሻውን ዘግቼ ገላባት ሄድኩ። የድንበሩ ወታደሮች አላሳልፍ አሉኝ። ወንዙ ማዶ መተማ ይታየኛል፤ የባጃጁ ጡሩምባ ሳይቀር ይሰማኛል፤ አንቺ ግን ትኑሪ አትኑሪ የሚነግረኝ የለም። እስኪመሽ ቆሜ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ መጂዳ ፊቴን ብቻ አይታ እናቷ ጉያ ገባች።

ይህንን የሚያነብ ሌላ ሰው ከሆነ፣ በሷ ስም የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ አላህን ፍራና እውነቱን ንገረኝ። አንቺ ከሆንሽ ደግሞ ሁለት መስመር በገዛ እጅሽ ጻፊልኝ። «አውራ ጣቴን አመመኝ» ያልሽኝስ ምን ነበር? ስለ መጂዳ የጠየቅኩሽን ለጊዜው ተይው። ሁለት መስመር ብቻ።

አብዱረሕማን


ሽንፋ አካባቢ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንደ አባት ለማይዎት ለአጎቴ፤

አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ! ጽሕፈቱ ቢንቀጠቀጥም የእኔ ነው፤ መስመሩ ወደ ላይ ሲወጣ ያዩታል። ድንበር ላይ ቆመው መዋልዎን ሳነብ ከሕመሙ የባሰ አመመኝ። አሁን ሁሉንም ልንገርዎት።

ቢሆነኝን ጓደኞቹ ከእርሻው በትከሻቸው ነበር ያመጡት። ዓይኑ ደም መስሏል፣ ድዱ ይደማል። የወባ ምርመራው ምንም አላሳየም። ጉሉኮስ ልቀጥልለት መርፌውን ስይዝ ሰውነቱ በድንገት ተንዘፈዘፈና መርፌው ተስፈንጥሮ በጓንቴ አልፎ አውራ ጣቴን ወጋኝ። አየኝ። «ወጋሁሽ እንዴ፣ እታለም?» አለኝ። «አልወጋኸኝም፣ ተኛ» አልኩት። ከዋሸሁት ውሸት ሁሉ ያላፈርኩበት እሱ ብቻ ነው። ልጁ በነጋታው ሞተ። እናቱ ደጋ ላይ እየጠበቀችው ነበር።

ጣቴን ታጥቤ በቀጥታ ለጤና መኮንናችን ለአንዱአምላክ ነገርኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። «ከአሁን ጀምሮ ትኩሳትሽን ጠዋትና ማታ እለካለሁ፣ ማንንም አታቅፊ» አለኝ። የልጁ ደም በሞተር ሳይክል ወደ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከዚያም ለምርመራ አዲስ አበባ ተላከ። ለእርስዎ የጻፍኩት እንግዲህ በተወጋሁበት ዕለት ማታ ነው። ምን ብዬ እንደምነግርዎት ስላጣሁ የሚያስቀውን ብቻ ጻፍኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ልጆች እየከተብኩ ሳለ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ወገቤን በዘነዘና የተመታሁ መሰለኝ። ክትባቱን አስቀመጥኩና ከተሰለፉት እናቶች ራቅ ብዬ አንዱአምላክን ጠራሁት። «መጣ» አልኩት። ከጓሮ ያለውን ዕቃ ቤት አስቀድመን ባዶ አድርገነው ነበር። በእግሬ ሄጄ ገባሁ። አጎቴ፣ ያች መንገድ እስከ ዛሬ ታኮራኛለች። ልሮጥ፣ እናቴ ጋ ልሄድ፣ ገንዳ ውሃ ልድረስ አላልኩም። መንገዱም ተዘግቶ ነበር፤ ባይዘጋም በሰው የተሞላ መኪና ውስጥ አልገባም ነበር።

ከኮሮና ጊዜ የተረፉ ሙሉ ልብሶች፣ ጭንብልና መነጽሮች ነበሩን። እነሱን ለብሰው ወደ እኔ የሚገቡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱአምላክና የጽዳት ሠራተኛችን ታንጉት። ድዴ ደማ፣ አፍንጫዬ ደማ፣ የጉሉኮስ መርፌ የገባበት ክንዴ ሁሉ ጠቆረ። ታንጉት ያን የላስቲክ ልብስ ለብሳ፣ በዚያ ሙቀት ላቧ ቦት ጫማዋ ውስጥ እየተጠራቀመ፣ ውኃ በማንኪያ ታጠጣኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከተኛሁበት «መነጽርሽ ወርዷል፣ ውጪ!» እያልኩ እጮህባታለሁ። «ታመሽም አለቃ ነሽ» ትለኛለች።

እናቴ ሰምታ መጣች። በሩን ስትደበድብ ድምፅዋን አወቅሁት። «ክፈቺልኝ፣ እኔ የወለድኩሽ ነኝ!» አለች። «እማ፣ አንቺ ከገባሽ ሁለት ሕመም ታምሜ ነው የምሞተው። አንዱን ልቻለው» አልኳት። በሩ ሥር ተቀመጠች። አልገባችም። መስቱራን ያህል ሴት በር ላይ ማቆም የቻልኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ክፍል ወረቀት እንኳ አይወጣም። ለእርስዎ የደረሰውን እኔ ከውስጥ ስናገር አንዱአምላክ በመስኮቱ ወንፊት በኩል እየሰማ የጻፈው ነው። ጽሕፈቱ እንደ ደብዳቤ የሆነው እሱ በተፈጥሮው እንዲያ ስለሆነ ነው። ዋሽቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጨዋታ ልጨምር ብል ትንፋሽ አልነበረኝም።

ውጤቱ ከአዲስ አበባ ሲመጣ «ክሪሚያን ኮንጎ» የሚባል ቫይረስ ነው ተባለ። ከከብት በመዥገር፣ ከታመመ ሰው ደግሞ በደሙ ይጋባል። ልጁን የያዘው በሬውን ሲገፍፍ ነው፤ እኔን ከእሱ። በአገራችን አንዲት ነርስ እንዲህ ታመመች ሲባል አልሰማንም ነበር። ታንጉት «እኔ ኮንጎን በካርታ እንኳ አላየሁት፣ እሱ እንዴት አየን?» ብላ፣ ደም ባፈሰስኩበት አፌ አሳቀችኝ። መድኃኒቱ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰ። ትኩሳቱ ቀስ እያለ ለቀቀኝ።

አጎቴ፣ አሁን የምነግርዎትን ቆመው ያንብቡት። ከእኔ ወደ ማንም አልተላለፈም። የከተብኳቸው ልጆች ደህና ናቸው። ታንጉት ደህና ናት። አንዱአምላክ ደህና ነው። በእኛ ጓሮ ገብቶ በእኛ ጓሮ ቀረ።

ስወጣ ሰዉ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ የሚጠጋኝ ግን የለም። ታንጉት በዚያ ሁሉ ፊት መጥታ እቅፍ አደረገችኝና ወደ ሰዉ ዞረች። «ነፃ ናት ተብሏል። እኔ አቀፍኳት፤ የፈራ ይሂድ፣ የታመመ ይግባ!» አለች። መጀመሪያ የገባችው ልጇን ያዘለች አንዲት ሴት ነበረች።

ለመጂዳ «ተይ» ብለሽ ጻፊ ብለውኝ ነበር። አልጽፍም። የሥራውን ክፋት ግን ዘርዝሬ ጽፌልዎታለሁ፤ ያየሁት ይህ ነው፣ አልቀነስኩም። ያንብቡላት። ከዚህ ወዲያ ልሂድ ካለች ሳታውቅ አይደለም። እኔንም ዛሬ «ወደ ሥራው ትመለሻለሽ?» ቢሉኝ፣ ይህንን የምጽፈው በተረኛ ነርስ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው።

የእህትዎ ልጅ ሳቢራ


ገዳሪፍ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳቢራዬ፣ ከሞት አፍ ላወጣሽ ጌታ ምስጋና ይግባው፤

ወረቀትሽን ወርሻ ውስጥ፣ ትራክተር ሥር ተኝቼ ነው ያነበብኩት። ቆመው ያንብቡት ያልሽው ላይ ስደርስ ወጥቼ ቆምኩ። ሠራተኞቼ ናፍጣ ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሏቸው ጨርቅ አመጡልኝ።

«አልጽፍም» ስትዪ ግን ተናድጃለሁ። አልደብቅሽም። አንድ ነገር ለምኜሽ እምቢ አልሽኝ። ለሁለት ቀን ስምሽን ቤት ውስጥ አላነሣሁም። ወርሻ ውስጥ ግን፣ ወላሂ፣ አፌ አላርፍ አለኝ። ፓምፕ ላመጣ ደንበኛ ሁሉ «የእህቴ ልጅ ነርስ ናት፣ እንዲህ ያለ በሽታ ይዟት በገዛ እግሯ ገብታ በሩን ዘጋች፣ አንድ ሰው እንኳ አላስነካችም» እላለሁ። አንዱ ሁለት ጊዜ ነገርከኝ አለኝ። ለረፊቃ ይህንኑ ስነግራት ከምትለቅመው ምስር ቀና ብላ፣ «በሌላ ሰው ልጅ መኩራት ቀላል ነው» አለችኝ።

 

መጂዳ ወረቀቱን ሳነብላት እስከ መጨረሻው ሰማች። አላለቀሰችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልብሱን ሲያወልቁ የትኛው ነው መጨረሻ የሚወልቀው?» አለች። እኔ ምኑን አውቄ! እስቲ ጻፊልኝ። ገና አልፈቀድኩም፤ ልወቀው ብዬ ነው።

አጎትሽ አብዱረሕማን


ሽንፋ አካባቢ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ፤ የአላህ ሰላም በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይሁን። ቁጣዎም ምርቃት ነው፣ ተቀብዬዋለሁ።

ለመጂዳ እንዲህ ይበሉልኝ። ልብሱን መልበስ ማንም ይችላል፤ ሰውን በሽታው የሚይዘው ሲያወልቅ ነው፣ ስለደከመውና ለመሄድ ስለሚቸኩል። መጀመሪያ የላይኛው ጓንት፣ ከዚያ ልብሱ፣ ከዚያ መነጽሩ፣ ከዚያ ጭንብሉ፣ መጨረሻ የውስጠኛው ጓንት። በየመካከሉ እጅ መታጠብ አለ። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቆሞ ይያት፤ «አየሁሽ፣ ቀጥዪ» የሚላት። ሰው የተወጋበትን መርፌ መልሳ ክዳኑ ውስጥ አትክተት። ኮሌራው በአየር አይመጣም፤ በእጅና በአፍ፣ በጫማም ነው። ስለዚህ ፊቷን በእጇ አትንካ። ሲደክማት ደከመኝ ትበል፤ ይህንን ማለት ከሁሉም ይከብዳል።

አንድ ወሬ አለኝ። ባለፈው ሳምንት የትናየት የምትባል ከብት አርቢ ሴት መጣች። ከላሟ ላይ መዥገር እየነቀለች በጥፍሯ ስትጨፈልቅ ነው የምትውለው። የቀላ ዓይኗን ሳይ ታምሜ የነበረውን ራሴን አየሁ። አዲስ የተመደቡት ልጆች በሩ ላይ ቆሙ፤ አልፈርድባቸውም። እኔም መግቢያው ላይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ አልዋሽዎትም። ግን ለብሼ ገባሁ። «አንቺ ያች የታመምሽዋ ነሽ?» አለችኝ። «እኔው ነኝ» አልኳት። እጄን ይዛ አልለቅም አለች። «እንግዲያስ ሰው ይድናል ማለት ነው» አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። ደሟ ሳይፈስ ቶሎ ስለደረስንላት ድናለች፤ ትናንት በባሏ አህያ ወደ ቤቷ ሄደች።

መጂዳ የትም ትሁን የት፣ ለእኔ እህቴ ናት።

ሳቢራ


ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሳቢራ፤ አላህ በጤና ያቆይሽ፣ እናትሽንም ያቆይልሽ። ሴት ልጅ ይስጥሽ፣ እምቢ የምትልሽ።

ያን የማውለቂያውን ቅደም ተከተል መጂዳ በአንድ ጊዜ ያዘችው። እኔ ግን አሠልጥኛት አረፍኩ። ወርሻ ውስጥ የናፍጣ ጓንቴን፣ ሽርጤንና የብየዳ መነጽሬን እያስለበስኩ፣ እያስወለቅኩ፣ «አየሁሽ፣ ቀጥዪ» እያልኩ። ሠራተኞቹ አበደ አሉ። አንድ ጊዜ ተሳስታ ግንባሯን በእጇ ስትነካ ጮህኩባት። ያን ጊዜ ሳቀችና «አባ፣ እንግዲህ ፈቅደሃል ማለት ነው» አለችኝ። «እንደገና፣ ከላይኛው ጓንት ጀምሪ» አልኳት። መልሴን ተረድታዋለች።

በማግስቱ እኔው ወሰድኳት። ድንኳኖቹ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ናቸው። በር ላይ የምትቀበለው ሐኪም «የማን ፈቃድ አላት?» አለች። ቀና ብዬ «የእኔ» አልኳት። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ መሰለኝ፣ በሩ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። መጂዳ በክሎሪኑ ውኃ ጫማዋን ነክራ ገባች። ወደ ኋላ አላየችም፤ እኔም አልጠራኋትም።

ከዚያ ወዲህ ወርሻውን ስዘጋ በዚያ በኩል ነው የማልፈው። በአጥሩ ሽቦ ማዶ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል፣ ፊታቸው አይታይም። እኔ ግን በአረማመዷ ለየኋት። አንድ ቀን አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ተፈናቃይ ቀና ማለት አቅቶት፣ ራሱን በክንዷ ደግፋ ብርጭቆ አፉ ላይ ይዛለት ነበር። ጠብታ ሳይፈስ እስኪጨርስ ጠበቀችው። እኔ አርባ ዓመት ፓምፕ ስጠግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልነበረኝም።

ዘበኛው ማታ ማታ ሲያየኝ ቆይቶ ዛሬ ጠራኝ። «ሐጂ፣ ዘወትር እዚህ ትቆማለህ። የታመመብህ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩት። «ልጄ ስትሠራ ለማየት ነው የመጣሁት።»

ወንበር አወጣልኝ።

አጎትሽ አብዱረሕማን